የላላው ገመድ

ገመዱ መዳፉ ውስጥ ድንገት ላላ። ደረቁ የሚሉት ገመድ ያዥ እጆቹን እያፈራረቀ ለመሰብሰብ ቢጣደፍም አልደረሰበትም፤ ታች ያለው ሰው ከገመዱ ቀድሞ እየመጣ ነበር። የሚጎተት ክብደት የለም፤ እርጥቡ ገመድ ብቻ እግሩ ሥር ይከመራል። ወዲያው ከጀልባዋ ጎን ውኃው ተሰነጠቀና የሚስቱ ወንድም እስከ ደረቱ ብቅ አለ። መተንፈሻውን ከአፉ አውጥቶታል። ጉንጮቹ ተነፍተዋል፣ ከንፈሮቹ ግጥም ብለዋል፣ ዓይኖቹ ከመነጽሩ ኋላ ፈጠዋል።

አፉን የከፈተው ከውኃው ከወጣ በኋላ ነው።

«ምን ሆንክ?» አለው ደረቁ፣ በብብቱ ይዞ ወደ ጀልባዋ እየጎተተው።

«አየር አለቀብኝ።»

«ግማሽ አለው አላልክም እንዴ?»

«አሁንም ግማሽ ነው የሚለው፤ እየው።» ጠላቂው ሊስቅ ሞከረ፤ ሳል አቋረጠው።

የአየር ሲሊንደሩ መለኪያ ሰካራም መሆኑን በጀልባዋ ላይ ያሉት ሦስቱም ሰዎች ያውቁ ነበር። ሁለቱ ይቀየር ብለው ነበር። ሦስተኛው ግን «ሰው የሚጠልቀው በሳንባው ነው ወይስ በመለኪያ መርፌ?» ብሎ ነገሩን ዘጋው። በዚያች ጀልባ ላይ ነገር የሚከፍትም የሚዘጋም እሱ ነው፤ ካፒቴኑ።

ካፒቴን የተባለው የምስክር ወረቀት ስላለው አይደለም፤ ስለሚጮህ ነው። ጀልባዋ የእሱ ናት። ጠላቂው ልጁ ነው፣ ገመድ ያዡ ደግሞ የሴት ልጁ ባል። ካፒቴኑ በወጣትነቱ ያለ ሲሊንደር፣ በትንፋሹ ብቻ እየጠለቀ ከባሕሩ ወለል ዛጎል ይለቅም ነበር። በወደቡ ላይ እንደ እሱ ትንፋሽ የሚይዝ ሰው አልነበረም አሉ፤ ይህንን ከራሱ አፍ ያልሰማ ሰውም በወደቡ ላይ አይገኝም። አማቹን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ደረቁ» ነው የሚለው። ለሰው ሲያስረዳ ውኃ ውስጥ ስለማይገባ ነው ይላል፤ ግትር ለማለት እንደሆነ ግን ማንም አያጣውም። ስሙ ጸንቶበት አሁን ሚስቱም ስትናደድ ትጠራበታለች።

ሥራቸው የዚያን ቀን የአንድ ጭነት መርከብ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ቆርጦ ማውጣት ነበር። የመርከቡ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉ ካፒቴኑን ሲያጣድፉት ቆይተዋል። አሁንም ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል እንደያዘ ከመሪው ክፍል ወጣ።

«መረቡ ወጣ?»

«ግማሹ ቀርቷል» አለ ጠላቂው። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀርቅሯል። «ደረቴን ወጋኝ አባዬ።»

ድምፁ የእሱ አልነበረም። አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ደግሞ ሳለና እጁ ላይ ተፋ፤ የተፋው አረፋ ቀላ ያለ ነው። ቶሎ ብሎ በሱሪው ጠረገው።

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ፣ ተመለስ» አለ ካፒቴኑ ስልኩን እየዘጋ። «ሕመሙን ካነሳህበት ቦታ መልሰው። አዲስ ሲሊንደር እሰርና ውረድ፣ እዚያው እየሠራህ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ና።»

በዚያ ወደብ የጠላቂዎች ሁሉ መድኃኒት ይኸው ነው፤ ውኃ ያመጣውን ውኃ ይወስደዋል ብለው ያምናሉ። ካፒቴኑ ራሱ አንድ ጊዜ ከውኃ እንደወጣ ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋ ብሎት፣ ተመልሶ ወርዶ፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ በእግሩ ቤቱ ገብቷል። ለጉልበት የሠራ ነገር ለደረት የማይሠራበት ምክንያት አልታየውም።

ጠላቂው መነጽሩን አነሳ። የልጆች አባት ነው፤ በወደቡ ላይ በጉልበቱ የሚታወቅ ሰው ነው። አባቱ ፊት ግን አይሆንም የሚለውን ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ከባሕሩ ይልቅ አባቱን ይፈራል። ለመታጠቅ ጀርባውን ሰጠ።

ደረቁ የቀረችውን አንዲት ሙሉ ሲሊንደር አምጥቶ ማንገቻውን ትከሻው ላይ ሲያሳልፍ ጣቶቹ አንገቱን ነኩት። ደነገጠ። ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ደረቅ ጨው ላይ እንደመርገጥ ያለ ነው። እንደገና ነካው፤ እንደገና ተንኮሻኮሸ። አንገቱም ጠዋት ከነበረው ወፍሯል።

«አባባ፣ አንገቱን ይንኩት።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«እባክዎ ይንኩት። ከቆዳው ሥር አየር የገባ ይመስላል።»

«አየር አለቀብኝ ሲል አልሰማኸውም? አንዴ አለቀ፣ አንዴ በዛ! እሰርለት ብያለሁ እሰርለት።»

«አይወርድም።»

«ማነው አይወርድም ያለው?» ካፒቴኑ ቀረበው። «ዋና የማይችል ሰው በእኔ ጀልባ ላይ ማን ይወርዳል ማን ይወጣል ይላል? አንተ ገመድ ትይዛለህ። ሲሳብ ትስባለህ፣ ሲላላ ታላላለህ። ጭንቅላትህን የሚጠይቅህ የለም።»

ደረቁ ይህን ዓይነት አንገት አይቶም ሰምቶም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው አሁን ከወረደ ገመዱ የሚያመጣው ሬሳ ነው፣ የሚጎትተውም እሱ ነው፣ ከዚያም ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚነግራትም እሱ ነው። ማንገቻውን ከጠላቂው ትከሻ ላይ አወለቀና ሲሊንደሯን አቅፎ ወደ ጀልባዋ ጫፍ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ለቀቃት።

ሲሊንደሯ አንዴ ቡፍ ብላ ሰመጠች።

ካፒቴኑ ለአፍታ ያየውን ማመን አቃተው። «ሲሊንደሬን!» ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎ አማቹን በጥፊ አላጋው። ድሮ ቢሆን ራሱ ዘሎ ያወጣት ነበር፤ ዛሬ ግን እዚያ ድረስ የሚያደርስ ትንፋሽ የለውም፣ እንደሌለው መታወቁም ከሲሊንደሯ በላይ አናደደው። ደግሞ ሊመታው እጁን አነሳ።

ደረቁ ጉንጩን እንኳ አልዳሰሰም። «ሞተሩን አስነሳ» አለው። «አሁን አስነሳ! አለዚያ እኔ አስነሳዋለሁ፤ እኔ ካስነሳሁት ደግሞ ጀልባህን ከወደቡ ግንብ ጋር ነው የማላትማት።»

ካፒቴኑን አንተ ብሎ ሲያናግር የመጀመሪያው ነበር። ካፒቴኑ የተነሳው እጁ አየር ላይ እንዳለ ልጁን ዞሮ አየ። ጠላቂው ገመዱ ክምር ላይ ቁጭ ብሎ፣ አገጩን ወደ ላይ አንጋጦ፣ አየር በትንሽ በትንሹ እየለቀመ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል። ካፒቴኑ ሄዶ ሞተሩን አስነሳ።

ድንገተኛ ክፍል እንደደረሱ ጠላቂውን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘውት ገብተው መጋረጃ ጋረዱ። ካፒቴኑ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደድ ጀመር። ባለፈ ባገደመ ሁሉ ላይ የሚናገረው ግን ስለ ልጁ አልነበረም። «ሙሉ ሲሊንደር!» ይላል እጁን እያጨበጨበ። «አንስቶ ወረወረልኝ! ዓይኔ እያየ!» አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሰው የሞተበት መስሏት «እግዜር ያጽናዎት አባት» ብላው አለፈች። ደረቁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ ይህን ሰው አንድ ቀን እንኳ ወድጄው ይሆን እንዴ ብሎ ራሱን ጠየቀ። አላስታወሰም።

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ድካም አለ።

«ቤተሰቦቹ ናችሁ? አንድ ሳንባው ተቀዶ አየር አፍስሷል። ያፈሰሰው አየር ነው አንገቱ ድረስ የወጣው። ጎኑ ላይ ቱቦ አስገብተንለታል፤ ኦክስጅንም ይዟል። አሁን ትንሽ ይሻለዋል። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ሲወጣ ትንፋሹን ይዞ ነበር?»

ካፒቴኑ ደረቱን ነፋ። «የእኔ ልጅ እኮ ነው ዶክተር። ትንፋሽ መያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከታች እስከ ላይ አንዲት አረፋ አታመልጠውም።»

«እሱ ነው የቀደደው» አለች ሐኪሟ።

«ምኑ?»

«መያዙ። አባት፣ ከላይ ትንፋሽ ወስደው ሲጠልቁ አየሩ እዚያ ታች ይጨመቃል፤ ሲመለሱ ድሮ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ችግር የለውም። ታች ሆኖ ከሲሊንደር የሳበው አየር ግን ያኔውኑ የተጨመቀ ነው። ሲወጣ ያብጣል። አፍ ከተዘጋ በየት ይውጣ? ሳንባውን ቀዶ ወጣ።»

«ተመልሶ ቢወርድስ ኖሮ?» አለ ደረቁ።

«ወዴት?»

«ወደ ታች። ሕመሙን እንዲመልስ።»

ሐኪሟ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ማነው እንደዚህ ያሰበው?» አለች። «እዚያ ታች ሆኖ ከዚያ በተቀደደው በኩል ደግሞ አየር ይገባ ነበር። ሁለተኛ ሲወጣ የምታመጡልኝ ሬሳ ነው።»

ካፒቴኑ ፊት ላይ ያለው ኩራት የሚሄድበት ጠፍቶት ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዓይኑ አማቹ ላይ አረፈ፤ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

«ይሄ ነው የጎተተው» አለ። «ልጄ ቀስ ብሎ ሊወጣ ሲል ይሄ እንደ ባልዲ ጎተተው።»

«አባባ፣ እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ፤ አላዩም። ገመዱ ላልቶ ነበር።»

«አሁን ደግሞ እርስዎ ሆንኩ?»

«ማንም ይጎትተው» አለች ሐኪሟ፣ እንዲህ ያለ ጠብ በየቀኑ የምታይ ትመስላለች። «ከዛሬ ጀምሮ መጥለቅ የለም። ለጥቂት ጊዜ አይደለም፤ ለዘለቄታው።» ይህን ብላ ወደሚቀጥለው መጋረጃ ሄደች።

«ሐኪም የማይለው ነገር የለም» አለ ካፒቴኑ ራቅ እስክትል ጠብቆ። «ሁለት ወር ይረፍና እናያለን።»

በካፒቴኑ ቤት ጓሮ አንድ በርሜል አለ። ዛሬ የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙበታል፤ ልጆቹ ትንሽ ሳሉ ግን ትምህርት ቤታቸው ነበር። ወንዱንም ሴቷንም ጭንቅላታቸውን በርሜሉ ውስጥ ያስነክራቸውና ቀድሞ ብቅ ያለው ልጅ የዚያን ቀን እራቱን ቆሞ ይበላል። ልጁ ሁልጊዜ ቆሞ ነበር የሚበላው። እህቱ በትንፋሽ ትበልጠው ነበር፤ ነገር ግን ሴት ልጅ አትጠልቅም ተብሎ የበርሜሉ ሙያዋ ከንቱ ቀረ። ልጁ ግን ቆሞ ከመብላት ለመዳን የተማረውን አልረሳውም። አየር ሲያልቅበት፣ ሞት ሲመጣበት፣ ሐሳቡ ሳይደርስ አፉ በራሱ ይዘጋል።

እህትየው እናቷን ደግፋ በኮሪደሩ መጣች። አሮጊቷ ደረቁን ሲያዩ «እንደ ባልዲ ጎተትክብኝ!» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ካፒቴኑ በስልክ ቀድሞ ሁሉንም አዳርሷል ማለት ነው። የደረቁ ሚስት ግን አልጮኸችበትም። ክንዱን ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደችው።

«አባዬን አንተ ብለኸዋል?»

«ወንድምሽ እየሞተ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«አዎ፣ ብዬዋለሁ።»

ትንፋሿን ያዘች። ስትናደድ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ዝም ብላ ትይዘዋለች፣ ሰው እስኪጨነቅ። ከዚያ ለቀቀችውና ቀስ ብላ መናገር ጀመረች።

«ስማኝ። ገብተህ እኔ ነኝ የጎተትኩት በል። ደንግጬ ነው በል። ይጮሃል፣ ይሰድብሃል፣ ከዚያ ያልፋል። ካላልክ ጀልባዬን እንዳይረግጥ ብሏል። ግቢዬንም ብሏል። የምንተኛው የት እንደሆነ አትርሳ።»

«ገመዱ ላልቶ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ደረቁ ዞሮ አያት። «ታውቂያለሽ?»

«ወንድሜን አላውቀውም? ያንን በርሜልስ አላውቀውም? ይዞት እንደወጣ አንተ ሳትነግረኝ ነው ያወቅሁት። ግን አባዬ ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ ብሎ መኖር አይችልም። አንተ ትችላለህ። አንተን እንደሆነ ድሮም አይወዱህም።»

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ ለዚህ ነው ክፉኛ የቆረጠው።

«እሺ፣ ጎተትኩት ልበል» አለ። «ከዚያ ወንድምሽ ይድናል። አባትሽ ከሁለት ወር በኋላ ውረድ ይለዋል። ጥፋቱ የገመዱ ነበር ብሎ አምኖ ይወርዳል፣ የሆነ ነገር ያስደነግጠዋል፣ አፉን ዘግቶ ይወጣል። ያኔ ማንን ነው እኔ ነኝ በል የምትይው?»

«ሐኪሟ አትጠልቅም ብላዋለች አሉ።»

«አባትሽ ምን አለ?»

ቀድማው ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

ጠላቂው ከትራሱ ከፍ ብሎ ተጋድሟል። ከጎኑ የወጣው ቱቦ ወለሉ ላይ ያለ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ በተነፈሰ ቁጥር ጠርሙሱ ይንቆረቆራል። እናቱ እግሩ ሥር ተቀምጠዋል። ካፒቴኑ ራስጌው ቆሟል፣ ቆቡን አላወለቀም።

«መጣ?» አለ ካፒቴኑ። «ጥሩ። ሁሉም ባለበት ይናገር። ቆይ፣ ከእሱ በፊት አንተ ተናገር ልጄ። ገመዱ ነው አይደል የጎተተህ?»

ጠርሙሱ ተንቆረቆረ። ጠላቂው ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ የአባቱን ቆብ አየ።

«አዎ አባዬ» አለ በዚያ በአፍንጫ ድምፅ።

ደረቁ ጆሮው ድረስ ጋለ። ምነው ያቺን ሲሊንደር ባልወረወርኳት አለ በሆዱ፤ ለአንድ አፍታ ከልቡ ነው ያለው። ትከሻው ላይ አስሮለት፣ ገመዱን ይዞለት፣ ውረድ ቢለው ኖሮ ዛሬ የሚጠላው ሰው ባነሰ ነበር። ሚስቱ በዓይኗ ትለምነዋለች። በል፣ አንዲት ቃል ናት፣ በልና እንገላገል።

«አልጎተትኩህም» አለ። «ውሸታም ነህ። አባትህን ፈርተህ ነው። ገመዱ ላልቶ እግሬ ሥር ተከምሮ ነበር፤ አንተ ቀድመኸው መጣህ። ጉንጭህ እንዲህ ተነፍቶ ነበር የወጣኸው።» ጉንጩን ነፍቶ አሳየው። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። «አንገትህን ንካው። ንካው እንጂ! እሱን እኔ በገመድ አልሞላሁትም። ከፈለግህ ጥላኝ፣ እኔም አልወድህም። ግን ዳግመኛ ብትወርድ ስትወጣ አፍህን ክፈት።»

«ከዚህ ውጣልኝ!» አለ ካፒቴኑ። «ከጀልባዬም ከግቢዬም!»

«እወጣለሁ።»

በሩ ጋ ሲደርስ ግን መውጫ አጣ። የራጅ ባለሙያው ጎማ ያለው ትልቅ ማሽን እየገፋ በሩን ሞልቶ ገባ።

«ቱቦው በቦታው መሆኑን ላረጋግጥ ነው። ሁላችሁም ውጡ» አለ ማንንም ሳያይ። «እናት፣ እርስዎም። አባት፣ ከነቆብዎ ይውጡ።»

አራቱም በሩ ላይ ታጭቀው ቆሙ። የሚጠላሉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ፤ የካፒቴኑ ክርን የደረቁ ጎን ውስጥ ገብቷል፣ ማንም ፈቀቅ አላለለትም። ባለሙያው የራጅ ሳህኑን ከጠላቂው ጀርባ አስገባ፣ ማሽኑን ደረቱ ላይ አነጣጠረ፣ ራሱም ራቅ ብሎ ቆመ።

«አየር ሳብ» አለው። «በደንብ ሳብ። እንዲያ። አሁን ያዝ!»

«እሱ ላይ እንኳ አትጨነቅ» አለ ካፒቴኑ ከበሩ ላይ። «እስክትጠግብ ድረስ ይይዝልሃል።»

የጠላቂው ጉንጮች ተነፍተው ነበር። እጁ ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ሄደና ቆዳውን ጫን አደረገው። አባቱን አየ። ከአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ የእህቱን ባል አየ። ከዚያ አፉን ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ከፈተና የያዘውን በሙሉ ለቀቀው። ጠርሙሱ ተንቆረቆረ።

«ያዝ እኮ ነው ያልኩህ!»

«አልይዝም።»

«ለፎቶው ነው ወንድሜ፣ ከያዝክልኝ ጥሩ ይወጣል። እንደገና። ሳብ፣ ያዝ።»

ሳበ። ደግሞ ለቀቀው።

«አልይዝም አልኩህ» አለ። ድምፁ አሁንም ከአፍንጫው ነው የሚወጣው፤ ዓይኑን ግን ከአባቱ ላይ አልነቀለም።

ባለሙያው የሚያግዘው ፈልጎ ወደ በሩ ዞረ። አሮጊቷ አቀርቅረዋል። ካፒቴኑ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ቆሟል፤ ክርኑን ከአማቹ ጎን አውጥቶ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«በቃ እሺ» አለ ባለሙያው ተበሳጭቶ፣ ማሽኑን እንደገና እያስተካከለ። «እንዳመጣልህ ተንፍስ።»